ልጅዎ ለብሬስ ራጅ ሲታዘዝለት

የጥርስ ማስተካከያ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንዱ ልጅ ሁለት ራጅ ብቻ ተነሥቶ ብሬሱን አውልቆ ይወጣል፤ ጥርሱ ከእሱ የማይለይ ሌላ ልጅ ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ ሊነሣ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጡት የክሊኒኩ ልማድ፣ የጠፋ ፋይል፣ ልጁ ስለተነቃነቀ የተደገመ ምስልና ወላጅ አፍሮ ያላነሣው ጥያቄ ናቸው። በአራቱም ላይ ወላጅ ድርሻ አለው። ከዚህ በታች ያለው ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ ብሬሱ እስኪወልቅ ድረስ በየደረጃው ምን እንደሚያደርጉ የሚያሳይ ነው።

በቅድሚያ መጠኑን ይወቁ

ከሐኪሙ ጋር ለመነጋገር አንድ መለኪያ ይበቃዎታል፦ ማይክሮሲቨርት። ሰውነት ላይ ያረፈ ጨረር ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት ለማነጻጸር የሚያገለግል መለኪያ ነው። ራጅ ተነሥቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ከአፈርና ከድንጋይ፣ ከምግብ፣ ከሚተነፍሰው አየርና ከሕዋ ጨረር ይደርሰዋል። የዓለም አማካዩ በዓመት 2,400 ማይክሮሲቨርት ነው፤ በቀን 6 ወይም 7 ማለት ነው። እንደ አዲስ አበባ ያለ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ከሕዋ የሚደርሰው ድርሻ ባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ይበልጣል። በአውሮፕላን ሲጓዙም በየሰዓቱ ጥቂት ማይክሮሲቨርት ይጨመራል።

አሁን ይህን ከጥርስ ራጅ ጋር ያስተያዩት። አፍ ውስጥ ገብታ ሁለት ሦስት ጥርስ የምታሳየው ትንሿ ራጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ማይክሮሲቨርት አትበልጥም። ሁለቱንም መንጋጋ በአንድ ምስል የሚያሳየው ፓኖራሚክ፣ ብዙ ክሊኒኮች ኦፒጂ የሚሉት፣ በዘመናዊ ዲጂታል መሣሪያ ከ10 እስከ 25 ገደማ ነው። ጭንቅላትን ከጎን የሚያሳየው ሴፋሎሜትሪክ፣ በአጭሩ ሴፍ፣ 6 ቢደርስ ነው። ሁለቱን ለብሬስ ዝግጅት የተነሣ ልጅ የተቀበለው ቢበዛ በአምስት ቀን ውስጥ ከተፈጥሮ ከሚደርሰው ጋር ይቀራረባል።

ባለ ሦስት ገጽታው ሲቢሲቲ ከእነዚህ ጋር በአንድ ዓይን አይታይም። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው መመሪያ የሰበሰባቸው ልኬቶች ከ11 ማይክሮሲቨርት ተነሥተው ከ1,000 በላይ ይደርሳሉ። ስለዚህ «ሲቢሲቲ ታዟል» የሚለው ቃል ብቻውን መጠኑን አይነግርዎትም። አንዱ ሲቢሲቲ ከፓኖራሚክ ሊያንስ፣ ሌላው ደግሞ ከአምስት ወር የተፈጥሮ ጨረር ሊስተካከል ይችላል።

ስለ አደጋውም እንዲሁ በቁጥር እንነጋገር። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን በሚጠቀምበት ስሌት፣ አንድ ሚሊዮን ሰዎች እያንዳንዳቸው 20 ማይክሮሲቨርት ቢደርሳቸው በሕይወት ዘመናቸው አንዱ በዚያ ጨረር ምክንያት ካንሰር ሊይዘው ይችላል። ለልጆች ይህ ከፍ ይላል፤ የአውሮፓ የጥርስ ራጅ መመሪያ ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ በሦስት፣ ከ10 እስከ 20 ላለው በሁለት ያባዛዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የልጅ ሕዋሳት በብዛትና በፍጥነት ይከፋፈላሉ፣ ጉዳቱ ቢኖር እንኳ ለመታየት ብዙ ዓመት ከፊቱ አለው፣ በልጅነት ለጨረር በጣም ስስ የሆነው የታይሮይድ ዕጢም ከመንጋጋው ሥር ቅርብ ነው። ስሌቱ የጥርስ ራጅ ተነሥተው የታመሙ ሰዎችን በመቁጠር የመጣ እንዳልሆነም ይወቁ። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የተረፉትን ጨምሮ ከፍተኛ ጨረር በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ከታየው ተነሥቶ ወደ ታች የተሰላ ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ ለአንዲት ፓኖራሚክ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም፤ ያለ ምክንያት ለተነሣች ለአንዲት ራጅ ግን ትንሽም ቢሆን አደጋ መክፈል ተገቢ አይደለም።

አንደኛ፦ የቆየውን ራጅ ፈልገው ይዘው ይሂዱ

ብዙ የሚደገሙ ራጆች የሚደገሙት የመጀመሪያው ስላልተገኘ ነው። ልጅዎ ባለፈው ዓመት ጥርስ ሲነቀልለት ወይም ሲሞላለት ተነሥቶ ከነበረ፣ ያንን ይጠይቁ። በአሜሪካና በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ታካሚ የሕክምና መዝገቡን ቅጂ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው። ሌላ ቦታም ቢሆን በትሕትና ሲጠይቁ የሚከለክል ክሊኒክ ብዙ አይገኝም።

የሚጠይቁት ግን ዋናውን ፋይል ይሁን። በስልክ ካሜራ ከስክሪን ላይ ተነሥቶ በቴሌግራም የተላከ ምስል ለማየት ያህል ይሆናል እንጂ ለሕክምና ዕቅድ አይበቃም፤ አዲሱ ሐኪም «እንደገና ይነሣ» ቢል አይፈረድበትም። ፓኖራሚክና ሴፍ በፍላሽ ወይም በኢሜይል ሙሉ ጥራቱን ጠብቆ ይሰጥዎ። ሲቢሲቲ ከሆነ ዳይኮም የሚባለውን የፋይል ዓይነት በስሙ ጠርተው ይጠይቁ፤ ከእሱ ላይ የታተሙ ጥቂት ገጾች አይተኩትም። ሕክምናውን በአንድ አገር ጀምሮ በሌላ አገር የሚቀጥል ቤተሰብ ይህን ካላደረገ ልጁ ሁሉንም ከመጀመሪያው ሊነሣ ነው። አዲስ አበባ ብሬስ አሳስሮ ወደ ውጭ የሚመለስ፣ ወይም ከውጭ መጥቶ እዚህ የሚቀጥል፣ ከመጓዙ በፊት ፋይሉን በእጁ ይያዝ።

ሁለተኛ፦ ምርመራው ከራጁ ይቅደም

አንዳንድ ቦታ ካርድ እንዳወጡ ልጅዎን በቀጥታ ወደ ራጅ ክፍል ይልኩታል፤ ሐኪሙ የሚያየው ምስሉን ከያዘ በኋላ ነው። ይህን ሥርዓት አይቀበሉት። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርን ጨምሮ የሙያው አካላት የሚሉት አንድ ነው፤ ራጅ የሚታዘዘው ሐኪሙ የታካሚውን ታሪክ ጠይቆና አፉን መርምሮ ምን እንደሚፈልግ ካወቀ በኋላ ነው። «መጀመሪያ ዶክተር ይዩት፣ ካስፈለገ እናነሣዋለን» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ሐኪሙ ያለ ራጅ ብዙ ነገር ማወቅ ይችላል። የመንከሱን ሁኔታ፣ የጥርሶቹን መጣበብ፣ የአገጩን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሆን በዓይኑ ያያል። ፎቶግራፍ፣ የአፍ ልክ የሚወሰድበት ሊጥ መሰል ነገር እና በብርሃን የሚሠራው የአፍ ውስጥ ስካነር ምንም የራጅ ጨረር የላቸውም። ስካነሩን ከሲቢሲቲ ጋር የሚያደባልቁ ወላጆች ስላሉ ልብ ይበሉ፤ በትንሽ እጀታ አፍ ውስጥ እየተዘዋወረ ጥርሱን በቀለም የሚያሳየው መሣሪያ ብርሃን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ «ይህ ምስል ምን ይለውጣል?» ብለው ይጠይቁ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህንን ይያዙ። ሐኪምን መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ቤት ያደግን ብዙ ነን፤ ስለዚህ አነጋገሩን አስቀድመው ያዘጋጁት። «ዶክተር፣ በዚህ ራጅ ምን ለማየት ነው? የሚፈልጉት ነገር ቢገኝ ሕክምናው እንዴት ይለወጣል? ባይገኝስ?» ምክንያት ያለው ሐኪም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይመልስልዎታል። «ለሁሉም የምናነሣው ነው» የሚል መልስ ከመጣ ግን ጥያቄውን አንድ ጊዜ ይድገሙት።

ፓኖራሚክ ለአብዛኛው ልጅ ጥሩ መልስ አለው። ያልተፈጠረ ጥርስ፣ ትርፍ ጥርስ፣ አጥንት ውስጥ ተጋድሞ የቀረ ጥርስ፣ የሥሮቹ ርዝመት፣ ሁሉም ሽቦ ከመታሰሩ በፊት መታወቅ ያለባቸው ናቸው። በተለይ የላይኛውን ክራንቻ በደንብ ያስቡበት። ይህ ጥርስ ዘግይቶ፣ 11 እና 12 ዓመት ገደማ ነው የሚወጣው፤ ከመቶ ሰዎች ሁለት ያህሉ ላይ መንገዱን ስቶ አጥንት ውስጥ ይቀራል። መንገድ የሳተ ክራንቻ ከጎኑ ያለውን የፊት ጥርስ ሥር ቀስ በቀስ እየበላ ሊያሳጥረው ይችላል፣ ልጁ ሕመም ሳይሰማው። ልጅዎ 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሐኪሙ ከላይኛው ከንፈር ሥር ድዱን በጣቱ ሲዳስስ በሁለቱም ጎን ጉብ ያለ ነገር ማግኘት አለበት። በአንደኛው ጎን ካጣው፣ ወይም ሁለቱ ጎኖች ከተለያዩ፣ ራጅ ማዘዙ ትክክል ነው፤ እርስዎም አይከልክሉት።

ለምን ይህን አጥብቄ እንደምናገር ይረዱልኝ። ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ ላንቃ ያዘነበሉ 46 የላይኛ ክራንቻዎች ከፊታቸው ያለው የወተት ክራንቻ በጊዜ እንዲነቀል ተደረገ። 36ቱ ራሳቸውን አስተካክለው ወደ ትክክለኛው መንገድ ተመለሱ። በጊዜው የተነሣ ራጅ ያስገኘው አንዲት የወተት ጥርስ መንቀል ነው፤ በጊዜው ያልተነሣ ራጅ ደግሞ ድድ ተከፍቶ ጥርሱ በሰንሰለት የሚጎተትበትን ቀዶ ጥገና ሊያመጣ ይችላል። ጨረርን ፈርቶ ይህን ራጅ መከልከል ከጨረሩ የበለጠ ልጁን ይጎዳል።

ሴፍ ላይ ግን ጥያቄዎ ትንሽ ጠንከር ይበል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1931 ከተዋወቀ ወዲህ ቀስ በቀስ የጥርስ ማስተካከያ የዕለት ተዕለት ሥራ ስለሆነ በልማድ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ አጥንት ካልተመጣጠኑ፣ የፊት ጥርሶች ብዙ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት የሚንቀሳቀሱ ከሆነ፣ ወይም የመንጋጋ ቀዶ ጥገና ከታሰበ ሴፍ ያስፈልጋል። መንጋጋው ልከኛ ሆኖ ጥርሶቹ ትንሽ ለተጣበቡበት ልጅ ግን ሐኪሞች ሴፉን ሳያዩና አይተው ያወጡት ዕቅድ ብዙም እንዳልተለያየ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። የዕድገት ደረጃን ለማወቅ የእጅ ራጅ ከታዘዘ ደግሞ ይህን ይጠይቁ፦ «ሴፉ ላይ ከሚታየው የአንገት አጥንት ማወቅ አይቻልም?» ብዙ ጊዜ ይቻላል።

አራተኛ፦ ሲቢሲቲ ከታዘዘ ስፋቱን ይጠይቁ

ሲቢሲቲ በቦታው ሲውል ምትክ የለውም። የተቀበረው ክራንቻ ከየት በኩል እንዳለና የጎረቤቱን ሥር እየበላ መሆን አለመሆኑን፣ የላንቃ መሰንጠቅ ያለበት ልጅ አጥንቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ለመንጋጋ ቀዶ ጥገና ዝግጅት፣ እነዚህን ጠፍጣፋ ምስል በደንብ አያሳይም። ችግሩ መሣሪያው ክሊኒኩ ውስጥ ስላለ ብቻ ለእያንዳንዱ አዲስ ታካሚ መነሣቱ ነው። የአሜሪካ የአፍና የፊት ራዲዮሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አቋም፣ በጥርስ ማስተካከያ ውስጥ ሲቢሲቲ ለእያንዳንዱ ታካሚ በተናጠል ምክንያት ሊቀርብለት እንደሚገባ ጽፏል። የአውሮፓው መመሪያም በጅምላ ማዘዝን ይከለክላል።

ምክንያቱ አሳምኖዎት ከተስማሙ ሁለት ነገር ይጠይቁ። የመጀመሪያው የሚነሣው አካባቢ ስፋት ነው። የሚፈለገው አንድ ክራንቻ ከሆነ ምስሉ ያንን አካባቢ ብቻ ይያዝ፤ ከግንባር እስከ አገጭ ማንሣት አያስፈልግም። ሁለተኛው የጥራት ደረጃው ነው። ብዙ መሣሪያዎች ዝቅተኛ መጠን የሚባል አሠራር አላቸው፤ የጥርስን ቦታ ለማወቅ በአብዛኛው እሱ ይበቃል። የሕጻን ወይም የትንሽ ሰው ምርጫ ካለም እንዲጠቀሙበት ያስታውሷቸው፤ በአዋቂ ልክ በተስተካከለ መሣሪያ ትንሽ ጭንቅላት ማንሣት ትርፍ ጨረር ነው። ቁጥሩን ለማነጻጸር ያህል፦ 500 ማይክሮሲቨርት የሚሰጥ ሰፊ ሲቢሲቲ ለ12 ዓመት ልጅ ከላይ ባየነው ስሌት ከ20,000 አንድ ያህል አደጋ ይሆናል። ጥቅሙ ከታወቀ የሚከፈል ነው፤ «እንዲያው ሙሉ እንዲሆን» ተብሎ ግን አይከፈልም።

ሲቢሲቲው ሲነሣ ከእሱ ላይ ፓኖራሚክና ሴፍ የሚመስል ምስል በኮምፒውተር ማውጣት ስለሚቻል፣ ሦስቱም በአንድ ቀን ከታዘዙ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

አምስተኛ፦ አንድ ጊዜ ተነሥቶ እንዲያልቅ ልጁን ያዘጋጁት

የተበላሸ ራጅ መደገም ጨረሩን እጥፍ ያደርገዋል፤ ይህን መከላከል በቤት ይጀምራል። ፓኖራሚክ እንደ መሣሪያው ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይወስዳል። ልጁ ቆሞ፣ ትንሿን ፕላስቲክ በፊት ጥርሱ ነክሶ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ምላሱን ላንቃው ላይ ለጥፎ ይቆያል፤ መሣሪያው በጭንቅላቱ ዙሪያ ይዞራል። ከቀጠሮው በፊት መስታወት ፊት አቁመው ሃያ እስኪቆጥሩ ድረስ ያለማምዱት። ምላሱ ከላንቃው ከወረደ በላይኛው ጥርስ ሥሮች ላይ ጥቁር ጥላ ይወጣል፤ ምስሉ ከሚበላሽባቸው የተለመዱ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ጉትቻ፣ የፀጉር ብረት፣ መነጽር፣ የሂጃብ መርፌና የብረት ሐብል ከመግባቱ በፊት ይውለቁ። ልጅዎ ማተብ ካሰረ ክሩ በራጅ ላይ ስለማይታይ መበጠስ አያስፈልግም፤ የብረት መስቀል ካለበት ግን ከአካባቢው ዞር ይደረግ፣ ወይም ለጊዜው ይፈታ። አምስትና ስድስት ዓመት ያለ ልጅ መቆም ካቃተው፣ ራጁን ለጥቂት ወር ማቆየት ከማባከን ይሻላል፤ በዚያ ዕድሜ ለብሬስ የሚያስቸኩል ነገር ብዙ የለም።

በትንሿ ራጅ ጊዜ ደግሞ የመሣሪያው አፍ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን ብለው ይመልከቱ። አራት ማዕዘኑ ጨረሩን በፊልሙ ልክ ስለሚቆርጠው ወደ ጉንጭና ወደ አንገት የሚበተነውን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። ክሊኒኩ ካለው እንዲገጥመው ይጠይቁ። በኢትዮጵያ የራጅ መሣሪያ ያለ መንግሥት ፈቃድ መጠቀም በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ፈቃዱን እንዲያሳዩዎትም መጠየቅ ይችላሉ።

ስለ እርሳስ ሽርጥ

ብዙ ወላጅ ክሊኒክን የሚመዝነው ልጁን ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ አልብሰውታል ወይ ብሎ ነው። አሁን ይህ መመዘኛ አርጅቷል። የአሜሪካ የአፍና የፊት ራዲዮሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2023፣ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ2024 በጥርስ ራጅ ጊዜ የሆድ ሽርጥም የአንገት መከላከያም እንዲቀር መክረዋል። የዛሬ መሣሪያዎች ጨረሩን በጠባቡ ስለሚልኩት ወደ ሆድ የሚደርሰው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ለውስጥ የሚበተነውን ደግሞ ሽርጡ አያግደውም። የአንገት መከላከያው በፓኖራሚክ ጊዜ መንጋጋውን፣ በሴፍ ጊዜ ዕድገት የሚነበብበትን የአንገት አጥንት ሊሸፍን ይችላል፤ ያኔ ራጁ ይደገማል፣ ሊጠብቁት የፈለጉት ታይሮይድም እጥፍ ይደርሰዋል።

አንዳንድ አገር ሕጉ ገና ሽርጥ ያስገድዳል፣ አንዳንድ ክሊኒክም ለታካሚው መረጋጋት ሲል ያለብሳል። ካለበሱት አይከራከሩ፣ ካላለበሱትም ቸልተኞች ናቸው ብለው አይደምድሙ። ጥያቄዎን ሁሉ ስፋቱ ላይ፣ የልጅ ልኩ ላይና ምክንያቱ ላይ ያውሉት።

ስድስተኛ፦ ብሬሱ ከታሰረ በኋላ

በሕክምናው መካከል ራጅ የሚታዘዝበት ትክክለኛ ምክንያት አለ። ጥርስ ሲገፋ ሥሩ ሊያጥር ይችላል። በአብዛኛው ልጅ ማጠሩ ትንሽና ጉዳት የማያመጣ ነው፤ ጥቂቶች ላይ ግን ይከፋል። ሥራቸው ቀድሞውኑ አጭር ወይም ጫፉ የቀጠነ፣ ወይም የፊት ጥርሳቸው ተመትቶ የሚያውቅ ልጆች ላይ ሐኪሙ ከስድስት ወር ወዲያ ባለው ጊዜ የፊት ጥርሶቹን በትንሿ ራጅ ቢያይ ተገቢ ነው፤ ማጠሩ ከታየ መጎተቱን ለጥቂት ወር ያቆመዋል። ልጅዎ ኳስ ሲጫወት ወይም ሲወድቅ የፊት ጥርሱ ተመትቶ ከሆነ፣ ከዓመታት በፊት ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ይህን ከራጁ ላይ ሁልጊዜ ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ ውጭ በየቀጠሮው ወይም በየስድስት ወሩ ፓኖራሚክ ማንሣት ሥርዓት ሊሆን አይገባም። የጥርስ መቦርቦር መከታተያ ራጅ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው፤ እሱን የሚያዝዘው መደበኛው የጥርስ ሐኪም ስለሆነ ሁለቱ ሐኪሞች የተነሣውን እንዲለዋወጡ ያድርጉ፣ አለዚያ አንዱ ያነሣውን ሌላው ይደግመዋል።

ብሬስ የሚያስር አዋቂም ይህንኑ ሁሉ ይከተል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ግን አስቀድመው ይንገሩ። ከጥርስ ራጅ ወደ ፅንሱ የሚደርሰው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ለሚያም ጥርስ ራጅ ከመነሣት አይቅሩ፤ የብሬስ ዝግጅት ግን የማይጠፋ ነገር ነው፣ ከወሊድ በኋላ ቢሆን ምን ይጎድላል?

ብሬሱ ሊወልቅ ሲቃረብ ሥሮቹ ቀጥ ማለታቸውን ለማየት የሚነሣ ፓኖራሚክ ጥቅም የሚኖረው ገና ማስተካከል በሚቻልበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ከታዘዘ ከመውለቁ በፊት ይሁን። ከወለቀ በኋላ «ለመዝገብ» ብቻ ተብሎ ሴፍና ፓኖራሚክ ሲጠየቅ ልጅዎ የሚያገኘው ነገር ምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ መልስ ከሌለ አልፈልግም ማለት ይችላሉ። ጥርሱ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዳይመለስ የሚደረገው ሪቴይነር የሚሠራው ከአፉ ልክ ነው፣ ለእሱ ራጅ አያስፈልግም። በዚያው ቀን የሁሉንም ራጅ ፋይል በፍላሽ ይቀበሉ፤ ዊዝደም ጥርሱ ከዓመታት በኋላ ሲያስቸግረው የሚያየው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።